የልጅ ልጆች ክረምት በስምጥ ሸለቆ



ሐምሌ ሲገባ በአዳማ ብዙ ቤት እንግዳ ይገባል። ት/ቤት ተዘግቷል፤ አዲስ አበባ በዝናብና በብርድ ተይዛለች፤ እናትና አባት ሥራ ላይ ናቸው። ስለዚህ ልጆች ልብሳቸው በሻንጣ ታጭቆላቸው ሞቅ ወዳለው አገር፣ ወደ አያት ቤት ይላካሉ። ከባሕር ማዶ የሚመጡትም ጥቂቶች አይደሉም። እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በዚያው ሰሞን ወደየቤታችን ስለምንመለስ ከእነዚሁ እንግዶች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እንከርማለን። የእኅት ልጅ ቢሉ፣ የአጎት ልጅ ቢሉ፣ የጎረቤት የልጅ ልጅ ቢሉ፣ ማዋያው የእኛ ሥራ ይሆናል።

ታዲያ ብዙውን ጊዜ የምናየው ምንድን ነው? ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት ይፈነድቃል። በሁለተኛው ሳምንት ስልክ ላይ አፍጥጦ ይውላል። በሦስተኛው «መቼ ነው የምንሄደው?» ማለት ይጀምራል። ያን ጊዜ ከቤተሰቡ አንዱ ይነሣና መኪና ተከራይቶ ልጆቹን ወደ ሶደሬ ወይም ወደ ላንጋኖ ይወስዳቸዋል። ይህ በጎ ነገር ነው። ነገር ግን መኪናው ሲንቀሳቀስ ቤት ጠባቂ ሆነው የሚቀሩት አያት ናቸው። «እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚሁ እሆናለሁ» ይላሉ፤ የሚከራከራቸውም የለም። ቦታ ይጠባል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ፀሐዩ ይከብዳቸዋል የሚል ምክንያት አይጠፋም።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ይህን ልማድ እንቃወማለን። ምክንያታችን አክብሮት ብቻ አይደለም፤ አክብሮቱማ የታወቀ ነው። ዋናው ነገር የምንኖርበት ምድር ጠባይ ነው። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ውሃውም መሬቱም በአንድ ሰው ዕድሜ ተለዋውጧል። ሐይቅ ሸሽቷል፤ ሐይቅ ሰፍቷል፤ ሐይቅ ባልነበረበት ሐይቅ ተፈጥሯል። ልጁ ዛሬ ቆሞ የሚያየው የዛሬውን ብቻ ነው። ትናንት ምን እንደነበረ በዐይናቸው አይተው ሊነግሩት የሚችሉት ቤት የቀሩት ሰው ናቸው።

ለምሳሌ የበሰቃን ሐይቅ እንውሰድ። ከአዳማ ወደ ምሥራቅ በጅቡቲ መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ መተሐራ ይደረሳል። ከተማዋ ከመድረሷ በፊት እንደ ከሰል የጠቆረ ድንጋይ መሬቱን ሞልቶት ይታያል። ይህ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ከፈንታሌ እሳተ ገሞራ በኩል ቀልጦ የፈሰሰ ዐለት ነው። ከዚያ ጥቁር ድንጋይ መሐል የተኛው ውሃ በሰቃ ነው። ይህ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ስፋቱ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ በእኛ ዘመን ከ40 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ግጦሽ ውጧል፣ የመኪናውን መንገድና አሮጌውን የባቡር ሐዲድ አጥለቅልቆ ከፍ ተደርገው እንዲሠሩ አስገድዷል፣ ጨዋማ ውሃውም ለመተሐራ የሸንኮራ እርሻ ሥጋት ሆኗል። አጥኚዎች ምክንያቱን ሲዘረዝሩ በአካባቢው ካለው መስኖ ወደ ምድር የሚሰርገውን ውሃና ከሥር የሚመነጨውን ፍል ውሃ ይጠቅሳሉ።

በወጣትነታቸው በባቡር ወደ ድሬዳዋ ይመላለሱ የነበሩ አንድ አባት ከባሕር ማዶ ከመጣ የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸው ጋር በዚያ ሐይቅ ዳር ቆመው አይተናል። አባት በከዘራቸው ወደ ውሃው መሐል እያመለከቱ «እዚያ ጋ በደረቅ መሬት ነበር የምናልፈው» አሉት። ልጁ ውሃው በአንድ ሌሊት የመጣ መስሎት ነበርና «ሰዎቹ ታዲያ ዋና ይችሉ ነበር?» ሲል ጠየቀ። አባትም ስቀው «የለም ልጄ፣ እንደ ሌባ አይደለም የመጣው። እንደ ዘመድ ነው፤ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየተጠጋ፣ በኋላ ቤቱን ያዘው» ብለው መለሱለት። ልጁ ከዚያ በኋላ ለስልኩ ጊዜ አልነበረውም። ከውሃው ጠርዝ ላይ ሦስት ድንጋይ ደራርቦ «ስመለስ ውሃው ከዚህ ማለፉን አያለሁ» አለ። ይህን ሁሉ ያመጣው የአንድ ሽማግሌ ከዘራ ነው። አባት ቤት ቀርተው ቢሆን ልጁ የሚያየው «ውሃ» ብቻ ነበር።

ስለ መተሐራ አንድ ማሳሰቢያ ሳንጨምር አናልፍም። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ ለወራት በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ እየተደጋገመ ብዙ ሺህ ሰዎች ከቀያቸው መነሣታቸው ይታወሳል። ንዝረቱ አዳማና አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ስለዚህ ወደዚያ ከመነሣት በፊት የምድሩንም የመንገዱንም ደኅንነት ከአካባቢው ሰው መጠየቅ ግዴታ ነው። ካልተመቸ ሌላ ቦታ ሞልቷል።

የበሰቃ ተቃራኒ አብያታ ነው። ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፈን መቂን፣ ባቱን (አያቶች ዝዋይ የሚሏትን) እና ቡልቡላን ካለፍን በኋላ መንገዱ በሐይቆች መካከል ይገባል። በግራ ላንጋኖ፣ በቀኝ አብያታ፣ ከአብያታ አጠገብ ሻላ። ሦስቱ ጎረቤቶች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን አንድ አይደለም። ላንጋኖ ረቂቅ አፈር በውስጡ ስለሚንሳፈፍ ሻይ በወተት ይመስላል። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ከአገራችን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሁሉ የጠለቀ ነው። አብያታ ግን ጥልቀት የሌለው፣ ሶዳ የበዛበት ሐይቅ ነው። ውሃ የሚያገኘው በቡልቡላ ወንዝ በኩል ከዝዋይ ነው። የዝዋይና የቡልቡላ ውሃ ለመስኖ በብዛት ሲቀዳ፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮም ከራሱ ከአብያታ ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውሃ ሲወሰድ፣ ሐይቁ እየሸሸ ከቀድሞ ስፋቱ ግማሽ ያህሉን አጥቷል። ዛሬ ከድሮው ዳርቻ ወደ ውሃው ለመድረስ በነጭ ደረቅ መሬት ላይ ብዙ መንገድ መሄድ ያስፈልጋል። የሐይቁ ዳር ወዴት እንደነበረ የሚያውቅ ሰው አብሮ ካለ ያ ደረቅ መሬት ራሱ ትምህርት ነው፤ የሚያውቅ ሰው ከሌለ አቧራ ነው። (መኪና ይዞ በዚያ ነጭ መሬት ላይ መግባት ግን አይገባም፤ ላዩ ደርቆ ሥሩ ጭቃ ስለሆነ ያሰምጣል።)

ሐይቅ ባልነበረበት ሐይቅ ተፈጥሯል ያልነውም ቆቃን ነው። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1960 ተጠናቀቀ። ከዚያ በፊት አዋሽ በዚያ ሜዳ ላይ እንደ ማንኛውም ወንዝ ያልፍ ነበር። ዛሬ ዕድሜያቸው ከሰባ አምስት ያለፈ ያገር ልጆች ሐይቁ ሳይኖር ሜዳውን ያስታውሳሉ፤ ቁጥራቸው ግን በየዓመቱ ይቀንሳል። እግረ መንገዳችንን ለልጆቹ ስለ አዋሽ አንድ ነገር መንገር ደስ ይላል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ይህ ወንዝ ከባሕር አይደርስም። በጅቡቲ ድንበር አቤ ከሚባል ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ልጆች ወንዝ ሁሉ ባሕር ይገባል ተብለው ስለተማሩ ይህን ሲሰሙ ይከራከራሉ፤ ይከራከሩ።

የቦታ ስምም ከአያት የሚገኝ ነው። አዳማ የሚለው ስም በኦሮምኛ አዳሚ ከሚባለው ቁልቋል መሰል ዛፍ የመጣ ነው ይባላል። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተብላ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ ቀድሞ ስሟ ተመለሰች። ቢሾፍቱ ውስጥ «ቢሻን» ማለትም ውሃ አለበት፤ ሆራም ቢሆን ማዕድን ያለው ውሃ ማለት ነው። ሴት አያቱን «አኮ» ብሎ የሚጠራ ልጅ የአያቱን ቋንቋ አንድ ቃል ይዟል ማለት ነው፤ በአንድ ቀን ጉዞ ደግሞ አሥር ሊጨምር ይችላል። ከውጭ የመጣ ልጅና አያቱ ቤት ውስጥ ተቀምጠው የሚነጋገሩት አጥተው ሲተያዩ አይተናል። ደጅ ሲወጡ ግን ወሬው ከመንገድ ላይ ይገኛል። አያት በጣታቸው እየጠቆሙ «አባ ኮዳ» ይላሉ፣ ልጁ ያን አንገተ መላጣ ትልቅ ወፍ አይቶ ይደግመዋል፤ ዝዋይ ዳር ዓሣ አጥማጁ ሲያወርድ «ይኸ ቆሮሶ፣ ይኸ አምባዛ» ይባላል፣ ልጁ አምባዛውን በጢሙ ይለየዋል። እዚህ ላይ ለራሳችን ለተማሪዎቹ አንድ ቃል አለን። ልጁ አያቱን ሲጠይቅ እኛ ከመጽሐፍ ያነበብነውን ፈጥነን በእንግሊዝኛ አንመልስለት። ማስተርጐም ካስፈለገ የአያትን ቃል ብቻ እናስተርጉም።

አሁን ስለ አደጋው በግልጽ እንነጋገር። በክረምት ልጅ ይዞ ውሃ ዳር መሄድ ቀልድ አይደለም።

የቢሾፍቱ ሐይቆች፣ ማለትም ቢሾፍቱ፣ ሆራና ባቦጋያ፣ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ናቸው። እንደ ዝዋይ ቀስ በቀስ እየጠለቁ አይሄዱም። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር ይበልጣል። ልጅ ሁለት እርምጃ ገብቶ ሦስተኛውን ሲያነሣ መሬት ላያገኝ ይችላል። ሶደሬ ስንሄድ ደግሞ መዋኛው ገንዳው እንጂ አጠገቡ የሚፈሰው አዋሽ አይደለም፤ ወንዙ አዞ አለበት። (ጦጣዎቹም ከልጅ እጅ ሙዝ መንጠቅ ልማዳቸው ነው፤ ይህ አደጋ ባይባልም ማስለቀሱ አይቀርም።) ዝዋይና ቆቃ ጉማሬ ስላለ ጀልባ የሚሳፈር ሁሉ ተንሳፋፊ ሰደርያ ይልበስ፤ ጀልባው ላይ ሰደርያ ከሌለ ጉዞው ይቅር። ደረቅ ፈፋ ውስጥ ምሳ ዘርግቶ መቀመጥም ክልክል ነው። እኛ ያለንበት ሰማይ ጠርቶ ሳለ በአርሲ ወይም በሸዋ ደጋ የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ሊደርስ ይችላል።

ውሃ ውስጥ ላሉ ሁለት ልጆች እጁ የሚደርስባቸው አንድ ትልቅ ሰው ይመደብ። ስልክ ይዞ ዳር መቆም ጥበቃ አይደለም። ሌላው ቀላል መሣሪያ ባዶ ጀሪካን ነው። አምስት ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ክዳኑን አጥብቆ ዘግቶ፣ እጀታው ላይ አሥር ሜትር ገመድ አስሮ ይዞ መሄድ ይገባል። ሰው ቢሰጥም ዋና የማያውቅ ተከትሎ ዘልሎ እንዳይገባ፣ ይህን ወርውሮለት ይጎትተው። ከቤት የማይጠፋ ዕቃ ስለሆነ «አልነበረንም» የሚያሰኝ አይደለም።

ከመስጠም ይልቅ የማይታየው አደጋ ግን ቢልሃርዚያ ነው። በወንጂ የሸንኮራ መስኖ ቦዮችና በዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ይህ በሽታ መኖሩ በጥናት የታወቀ ነው። የበሽተኛ ሰው ዓይነ ምድር ውሃ ሲገባ እንቁላሉ ይፈለፈልና ከትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ሆድ ይገባል። ከዚያ ወጥቶ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ትል በዐይን አይታይም፤ በቦዩ ውስጥ የቆመን ልጅ ቆዳ በጥቂት ደቂቃ በስቶ ይገባል። ከሳምንታት በኋላ ሆድ ቁርጠትና ደም የተቀላቀለበት ሰገራ ሊመጣ ይችላል፤ ሳይታከም ቢቆይ ጉበትን ይጎዳል። በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። ችግሩ ልጁ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ መሆኑ ነው፤ በተለይ ባሕር ማዶ ያለው ሐኪም ቢልሃርዚያ በሐሳቡ ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ ልጁ የገባበትን ውሃ ስም ለወላጆቹ ጽፎ መስጠት የእኛ ፈንታ ነው። ወባም እንደዚሁ ነው። በአገራችን ቆላና ወይና ደጋ ክረምቱ ሲወጣ ስለሚበረታ ልጆቹ በአጎበር ይተኙ፤ ከተመለሱ በኋላ ቢያተኩሳቸው የት እንደከረሙ ለሐኪም ይነገር።

ስለ ቢልሃርዚያ ከተነሣ የአያቶችን እውቀት የሚያከብር አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። እንዶድን ሴቶቻችን ሳሙና ሳይመጣ ጀምሮ ለልብስ ማጠቢያ ያውቁታል። እርሳቸው ያንን አይተው መረመሩና እንዶድ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። ለዚህም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ልብ እንበል፤ መነሻው ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡ እናቶች ናቸው። እንዶድ በአጥር ጥግ ያለው ቤት ካለ ልጆቹ ፍሬውን በውሃ አሽተው አረፋውን ይዩ፤ ወደ አፍ ግን አይደርስም።

ልጆች የሚጠይቁት ሌላ ጥያቄ ደግሞ ትልቁን ሰው የሚያሳፍር መስሎ ይታያል፤ «አባባ ጥርስህ ለምን ቡናማ ሆነ?» ይላሉ። ልጁን መቆጣት አያስፈልግም። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ከእሳተ ገሞራ ዐለት ፍሎራይድ ያሟሟል። በልጅነቱ ያን ውሃ የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ ሲብስም አጥንት ያጎብጣል። በወንጂ ይህ ጉዳት ብዙ ተጠንቷል። ውሃ ማፍላት ፍሎራይዱን አያስወግደውም። ስለዚህ በመንገድ ላይ ልጆች ከማይታወቅ ጉድጓድ እንዳይጠጡ ውሃ ከቤት ይያዝ። የአባባ ጥርስ የምድሩ ምልክት እንጂ የንጽሕና ጉድለት አለመሆኑን ልጁ ሲሰማ አንዳንዴ አባባም ራሳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰማሉ።

እንግዲህ አያት እንዲሄዱ ከተፈለገ ጉዞው በእርሳቸው አቅም መለካት አለበት። የፊት ወንበር የእርሳቸው ነው። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚመጣ ማልዶ መነሣት ይሻላል። ዱካ ወይም ታጣፊ ወንበር፣ ጃንጥላ፣ ዳቦ ቆሎና ሻይ በፔርሙዝ ይያዝ። ልጆቹን የሚያሯሩጥ አንድ ወጣት፣ ከአያት ጎን የማይለይ ሌላ ወጣት ይኑር። እግሩ ከእኛ፣ ወሬው ከእርሳቸው ነው። በአንድ ቀን ሦስት ሐይቅ ለማዳረስ መጣደፍ አይገባም፤ አንድ ይበቃል። ገንዘብ ካነሰ ደግሞ ሩቅ መሄድ የግድ አይደለም። ከአዳማ ሳንወጣ ኮረብታው ላይ የቆሙት የነፋስ ማመንጫዎች አሉ። የመጀመሪያዎቹ 34 እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሌሎቹ 102 በ2015 ተተክለው በድምሩ 204 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። ቆርቆሮ ይገነጥል የነበረው የናዝሬት ነፋስ እንዴት መብራት እንደሆነ አያትና የልጅ ልጅ አብረው ይቁጠሩት።

ጊዜውንም ማሰብ ያስፈልጋል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 አያቶቻችን በፍልሰታ ጾም ላይ ስለሆኑ ቀኑን በቤተ ክርስቲያን ያሳልፋሉ፤ በዚያ ሰሞን ውጡልን ብሎ ማስቸገር አይገባም። በሐምሌ ወይም ከጾሙ ፍቺ በኋላ ይሻላል። በመሐሉ ቡሄ አለ፤ ልጆቹ ጅራፍ ሲያጮኹ እዚሁ ሰፈር ይውላሉ።

ከነጭራሹ መንቀሳቀስ የማይችሉ አያት ካሉ ልጆቹ አንድ ነገር ይዘውላቸው ይምጡ፤ ከፓርክ ክልል ሳይሆን ከመንገድ ዳር። በአዳማ ዙሪያ ብዙ ቦታ በጣም ቀላል፣ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ግራጫ ድንጋይ ይገኛል። እሳተ ገሞራ አረፋ ሆኖ ሲደርቅ የቀረ ነው፤ ውሃ ላይ ቢጥሉት ይንሳፈፋል። ከልጆቹ አንዷ ይህን ግኝቷን ለማሳየት እየሮጠች ገብታ ሳፋ ውሃ ሞልታ ድንጋዩን ስትጥል አይተናል። አኮ ከአልጋቸው ቀና ብለው ድንጋዩን ተቀበሏት፣ በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ጎሽ፣ የእኔው አልቆብኝ ነበር» ብለው ተረከዛቸውን ይፈግፍጉበት ጀመር።